ቦይለሩ ቢቆም

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን አቶ ግዛቸው የተባሉ የሳሙና ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ ለልምምድ ሥራ የሚዘጋጁ ስድስት የምህንድስና ተማሪዎችን ቢሯቸው ጠርተው ፈተኑ። ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነበር።

«ቦይለሩ ድንገት ቢቆም ምን ታደርጋላችሁ?»

አምስቱ ስለ ግፊትና ሙቀት ስሌት አስረዱ። አቶ ግዛቸው አዛጉ።

ስድስተኛዋ፣ «ሲያስነሳው የኖረውን ሰው እጠራለሁ» አለች።

«እሱንማ እኔም እጠራዋለሁ። ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪልኛለሽ?»

«እሱ ጡረታ ሲወጣ ማንን ሊጠሩ ነው፣ ጋሼ?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቁ። ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችውን የትብብር ደብዳቤ ሳያነቡ ፈርመው ማኅተም አስመቱበት።

በማግስቱ፣ ቦይለሩን ለሃያ ስድስት ዓመት የያዙት አቶ ጥላዬ ጉርሙ የጡረታ ማመልከቻ አስገቡ። አቶ ግዛቸው የትናንቱን ደብዳቤ አውጥተው አነበቡ። ከተማሪዋ ስም ቀጥሎ «ጥላዬ ጉርሙ» ይላል።