«ጉልበቴን ነው» ያሉት አባት

አንዳንድ ምሳሌያዊ አባባል ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ወደ ኋላ ቢከተሉት ግን ከአንድ ሰው ቤት ደጃፍ ያደርሳል። ሰው ሕመሙን አፍኖ ሲያቃስት የሚነገረው አባባልም እንደዚያው ነው። ከየት እንደ መጣ የሚከራከሩ አሉ። በእኛ ከተማ ግን ክርክር የለም፤ ከአቶ እንዳላማው ቤት ነው የወጣው። ጎረቤታቸው ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

አቶ እንዳላማው የታወቁት በወገባቸው ነበር። ሸክም የከበደው ጎረምሳ ካዩ «የዛሬ ልጅ ወገብ የለው» ሳይሉ አያልፉም። ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ሲል ሁለት ወጣቶች አንድ ኩንታል ጤፍ ጋሪ ላይ ለመጫን ሲታገሉ አገኟቸውና «ዞር በሉ» ብለው ብቻቸውን ብድግ አደረጉት። ጆንያው ጋሪው ላይ ወጣ። ወገባቸው ውስጥ ግን አንድ ነገር ቋ አለ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ፋሲካ ሲሆን ሕመሙ ከወገባቸው ተነሥቶ በመቀመጫቸው በኩል እስከ ባታቸው ይወርድ ጀመር። ይህን እንዴት ይናገሩት? ያን ሁሉ ወጣት ሲያሾፉበት ኖረው «ወገቤን» ቢሉ ከተማው ይስቅባቸዋል። «መቀመጫዬን» ማለት ደግሞ በሴት ልጃቸው ፊት የማይሞከር ነው። አስበው አስበው «ጉልበቴን ነው፤ ስግደት አብዝቼ ነው» አሉ። ከስግደት የመጣ የጉልበት ሕመም ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም።

ልጃቸው ፈንታነሽ አባቷን ትወዳለች። ትኩስ ጨው በጨርቅ እየቋጠረች ጉልበታቸው ላይ ታሳርፍ ጀመር። አንድ ጠዋት ግን እጇ ቆም አለ።

«አባዬ፣ ትናንት ያመመዎት ግራው አልነበረም?»

አቶ እንዳላማው ሁለቱንም ጉልበቶቻቸውን ተራ በተራ አዩ። «ዞሮ ነው» አሉ።

«ሕመም ይዞራል እንዴ?»

«ይኼኛው ይዞራል።»

ፈንታነሽ ግራ ገባት። ጫኔ የሚባለውን ወጌሻ ጠራች። ጫኔ ጉልበቱን በቅቤ አሸት አሸት አድርጎ፣ አጥፎ ዘርግቶ ከመረመረው በኋላ «አያ እንዳላማው፣ ይህ ጉልበት ከእኔ ይሻላል፤ መታሸት ያለብኝ እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ። ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደግሞ «የሚዞር በሽታማ የጠበል ነው» አሉና በማለዳ ወስደው አስጠመቋቸው። ቅዝቃዜው ወገባቸውን ጨምድዶ ሲይዘው ጮኹ። «ይኸው፣ ሊለቃቸው ነው» ተባለ። እኔም እዚያው ነበርኩና አመንኩ።

ከሁሉ የባሰው መቀመጥ አለመቻላቸው ነበር። እራታቸውን እንኳ ቆመው ይበላሉ። ሲጠየቁ «መቆም ለጉልበት ጥሩ ነው» ይላሉ። ጉልበቱን ታሞ ቆሞ የሚውል ሰው አይተን አናውቅም።

በዚህ መሃል፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፈንታነሽን ይበልጣል ለሚባል መምህር ሊጠይቁ ነው። ልጅቷ ትወደዋለች፤ መውደዷንም ከአባቷ በቀር የማያውቅ የለም። ከጓዳው በር ጀርባ ሆና ታዳምጣለች።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ እንዳላማው፣ ግድግዳውን ተደግፈው እንደቆሙ።

«ጌታው ቆመው እኛ እንዴት እንቀመጣለን?» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ አለቃ ዘገየ።

«ግድ የለም፤ እኔን መቆም ይስማማኛል።»

«እንግዲያውስ እኛም እንቆማለን።»

ሁሉም ቆሙ። ጠላው ሳይነካ ቀረ። አቶ እንዳላማው ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ ፊታቸው ይኮሳተራል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባት ፊቱን አጨፍግጎ አልቀመጥም ካለ፣ ውጡልኝ ማለቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

«ገብቶናል» አሉ አለቃ ዘገየ፣ ወደ በሩ እየዞሩ።

«ምኑ ነው የገባችሁ?» አሉ አቶ እንዳላማው፤ እሳቸውም ምንም አልገባቸውም።

አለቃ ዘገየ ሲዞሩ ከዘራቸው ወደቀ። አቶ እንዳላማው እንግዳ አክባሪ ሰው ናቸውና ሊያነሡላቸው ፈጥነው ጎንበስ አሉ። በዚያው ቀሩ። ግንባራቸው ወደ አለቃ ዘገየ እግር፣ እጃቸው ከዘራው ላይ።

አለቃ ዘገየ ደነገጡ። «ኧረ ጌታው፣ እግር ላይ መውደቅን ምን አመጣው? ይነሡ፤ ይቅር ብለናል።»

«አልነሣም» አሉ አቶ እንዳላማው ከታች።

«ልጅቱን ሰጥተውናል ማለት ነው?»

«እሱን ቆሜ እነግራችኋለሁ።»

«እንግዲያው ይቁሙ።»

«አልቆምም አልኩ።»

እሺ ይሁን እንቢ የሚያውቅ ጠፋ። ፈንታነሽ ትዳሯ ዓይኗ እያየ ሲያመልጣት አልቻለችም፤ በሽማግሌ ፊት ብቅ ማለት ነውር መሆኑን ረስታ ወጣች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ አንገቷን ሰብራ አባቷን ከሥር አየቻቸው። ታለቅስ ነበር።

«አባዬ፣ የት ጋ ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።»

እንባዋን ሲያዩ ኩራታቸው ሟሟ። «ወገቤን ነው፣ ልጄ» አሉ። «ያ ኩንታል ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ መቀመጫዬንም ነው።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ያኔ የተሾፈባቸው ሁለቱ ወጣቶች ተጠርተው መጥተው በወሳንሳ ሆስፒታል አደረሷቸው። ሐኪሙ የጀርባ አጥንታቸው ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ መጫኑን ተናገረ። «እስከ የት ድረስ ነው የተንሸራተተው?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የባላቸውን እግር እየተመለከቱ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘ፤ ሸክም ከለከለ፤ ትንሽ ትንሽ መራመድና ተኝተው የሚሠሩት እንቅስቃሴ አሳየ። በመጨረሻም «ሲተኙ ጉልበትዎ ሥር ትራስ ያድርጉ» አላቸው።

«ጉልበት ነው አላልኳችሁም?» አሉ አቶ እንዳላማው።

ፈንታነሽ ትራሱን እያስተካከለች፣ ክንዳቸውን ይዛ እያራመደች ሰነበተች። ሕመሙ በአንድ ጊዜ አልለቀቃቸውም፤ ቀስ እያለ ነው የተዋቸው። ጥር ላይ ልጃቸውን ሲድሩ ዳሱ ውስጥ እንደማንኛውም አባት ተቀምጠው ዋሉ፤ እሷም ሙሽራው አጠገብ ሆና ዓይኗን ከአባቷ ወንበር ላይ መንቀል አቃታት። ወጌሻው ጫኔ ግን ነገሩ አሁንም ግራ እንዳጋባው ነበርና «ለመሆኑ እኔ ያጣሁትን መድኃኒት ሐኪሙ ከየት አገኘው?» ብሎ ጠየቀ። አለቃ ዘገየ ያን ከዘራ ጭናቸው ላይ አጋድመው እንዲህ አሉት፦ «የአንተ እጅ ምን አጠፋ፣ ጫኔ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»