የራቁት መንደር የገና ድንች

ፈረንሳይ አገር፣ አዋቂዎች ብቻ ተሰባስበው ራቁታቸውን የሚኖሩበት መንደር ነበር አሉ። ገና ሲመጣ እንደ ማንም ፈረንጅ ዛፍ ያስጌጣሉ፣ ዝይ ይጠብሳሉ፣ ስጦታ ይለዋወጣሉ፤ ከልብስ በቀር የሚጎድላቸው የለም። የገና አባታቸው እንኳ ከቀይ ቆቡና ከነጭ ጢሙ ሌላ ምንም አያደርግም።

አንድ ዓመት ለበዓሉ አንዲት የደሴ ሴት ወጥ ቤት ሆና ተቀጠረች። ሻሿን አስራ፣ በቀሚሷ ላይ ሽርጧን ታጥቃ ድንች በዝይ ስብ ስትጠብስ፣ የመንደሩ ሊቀ መንበር ሙሴ ኦክታቭ እንደ ተወለደ ሆኖ ደረቱን ነፍቶ ገባ።

«እመቤቴ፣ እዚህ ልብስ ክልክል ነው። ልብስ ሰውን ከሰው ያበላልጣል፤ እኛ ግን ሁላችንም እኩል ነን። ወይ አውልቂ፣ ወይ ሻንጣሽን ይዘሽ አሁኑኑ ውጪ» አላት።

ሴትዮዋ ሥራዋንም ቀሚሷንም ትፈልጋቸዋለች።

«እኩልነቱስ ደስ ይለኛል፣ ሙሴ። እንግዲያው እኔ እንደ እርስዎ ከመሆኔ በፊት እርስዎ እንደ እኔ ይሁኑ። ጠጋ ይበሉና ድንቹን ያገላብጡልኝ። እስኪበስል እንዲሁ እንዳሉ ከቆሙ፣ እኔም አወልቃለሁ» ብላ ማማሰያውን አቀበለችው።

ስቡ ተንጣጣ። ሙሴ ኦክታቭ መጥበሻውን አየ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ከመጥበሻው ትይዩ ያለውን የራሱን ነገር አየ፤ ወደ ኋላም ሸሸት አለ።

«ሌላ ሽርጥ ይኖርሻል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አለማ፣ ሙሴ» አለችው፤ «ግን ከሰው ያበላልጥዎታል።»