ባለላፕቶፑ

በአንድ ወቅት፣ ሰው አንቱ በማይባባልባት፣ ፀሐይም ለማንም በማታዝንባት ድሬዳዋ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ትልቁ ረምዚ ጌም ላይ ከተቀመጠ የሚችለው የለም። መካከለኛዋ ኢክራም ዕቃ ስትመርጥ እጇ አይሳሳትም። ትንሹ ሙኒር ደግሞ የተበላሸ ነገር ካየ ሳይፈታው አያድርም። አምና በሠፈሮች የጌም ውድድር ፍጻሜ ላይ አሮጌው ላፕቶፓቸው ግሎ ድርግም አለባቸውና «ሽሮ ጥዳችሁበት ነበር እንዴ?» ተብሎ ተሳቀባቸው። ኢክራም ያንን ሳቅ አልረሳችም።

ዘንድሮ አጎታቸው አዩብ አዲስ ሊገዛላቸው ኢክራምን ይዞ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ላፕቶፕ አወጣና «ይሄ እሳት ነው!» አላት።

«አቦ፣ እሳትማ ድሬ ሞልቷል! እኔ የምፈልገው የማይግል ነው» አለችው።

በጠራራ ፀሐይ ጌም አስከፍታ መዳፏን ላዩ ላይ አሳረፈች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፈጃት። ከመደርደሪያው ጥግ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን፣ ወፍራሙንና አየር መውጫው ሰፊ የሆነውን አስወረደች። እሱን አንድ ሰዓት ሙሉ አስሮጠችው፤ ለብ ከማለት አላለፈም።

«አቦ፣ ልትገዢው ነው ልብስ ልትተኩሺበት?» አለ ባለሱቁ ታክቶት። አጎቷን አስገዛችው። ቤት ስትደርስ ረምዚ «ይሄ እኮ ጡብ ነው!» ብሎ ሳቀ።

«ጡብ ይሁን! ጡብ አይቀልጥም።»

እናታቸው ግን አዲስ ዕቃ ከወደደች ዳንቴል ካላለበሰችው አይሆንላትም። ቴሌቪዥኑን እንዳለበሰችው ላፕቶፑንም አለበሰችው፤ እየሠራ እንኳ አታነሳለትም። ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው የውስጥ ማራገቢያው አጉረመረመና ቆመ። ላፕቶፑ ጋለ። ረምዚ «ይኸው ምርጫሽ!» ብሎ ሲጮህባት ኢክራም አንጀቷ አረረ። ወስደው ያሳዩት ጠጋኝም ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈችውን የዋስትና ወረቀት እያሳየ «ይቺ ከተቀደደች ዋስትና የለም፤ እኔ አልነካም» አለ።

ሙኒር ቀደዳት። «የሞተ ነገር በዋስትና አይነሳም!» ብሎ ላፕቶፑን ፈታው፤ ማራገቢያው ላይ የተጠመጠመውን የዳንቴል ክርም በእናቱ ወረንጦ ለቅሞ አወጣው። ማራገቢያው ሲዞር እናትየዋ ከንፈሯን ነክሳ ዳንቴሏን ሣጥን ውስጥ ከተተች።

የፍጻሜው ዕለት ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ የቻለው ኮምፒውተሮቹን ብቻ ነው፤ የአዳራሹ ቬንትሌተር ቆመ፣ ሰው በላብ ተጠመቀ። የረምዚ ተጋጣሚ የያዘው ያንኑ ቀጭኑን «እሳት» ነበርና «ይራዘም» አለ። ዳኛውም ረምዚን አየው።

«አይራዘምም! አሁኑኑ እንጫወታለን» አለ ረምዚ። ላፕቶፑ እንዳይደክም የምስሉን ጥራት ወደ ታች አወረደው። ሰዉ «ካርቱን አደረገው!» እያለ ሲስቅበት ዞር ብሎም አላየ። በሦስተኛው ዙር ቀጭኑ ላፕቶፕ ይንቀረፈፍ ጀመር። ጡቡ ግን ንቅንቅ አላለም፤ የረምዚም ጣት አልሳተም። አሸነፈ። ኢክራም ድምፅዋ እስኪዘጋ እልል አለች።

ዳኛው ያኔ ከውድድሩ አዘጋጆች የመጣች አንዲት ደብዳቤ ሰጣቸው፦ «ባለላፕቶፑ ከነላፕቶፑ ለስድስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ይምጣ። ቦታው የአንድ ሰው ብቻ ነው።»

ቤት ሲደርሱ ጠብ ተነሳ።

«ያሸነፍኩት እኔ ነኝ» አለ ረምዚ። «ደግሞ ‹ይምጣ› እንጂ ‹ትምጣ› አይልም።»

«በአንዲት ፊደል ልታስቀረኝ?» አለች ኢክራም፣ ደሟ ፈልቶ። «እሳቱን መርጬልህ ቢሆን ዛሬ የሚሳቅበት አንተ ነበርክ! ሁልጊዜ እኔ እመርጣለሁ፣ ሌላ ሰው ይወስዳል። ይሄን ግን አልሰጥም፤ አልሰጥም አልኩ!»

ሙኒርም ወደ ኋላ አላለም። «እኔ ወረቀቷን ባልቀድ ኖሮ፣ የምትጣሉት በሬሳ ላይ ነበር።»

አዩብን ዳኘን አሉት። «እኔ የገዛሁት ለሦስታችሁ ነው፤ አልገባበትም። ባቡሩ ነገ ጠዋት ይነሳል» ብሎ ወጣ።

ኢክራም መዳፏን ላፕቶፑ ላይ አሳረፈች። ረምዚም አሳረፈ፤ ሙኒርም። አንዳቸውም አላነሱም። ከመዳፋቸው ሥር ላፕቶፑ እየሠራ ነው፤ እስካሁን ለብ ከማለት አላለፈም።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፤ ሳትፈርዱ ማንም እንዳይነሳ። አንዷ መረጠችው፣ አንዱ አዳነው፣ አንዱ አሸነፈበት። ባለላፕቶፑ ማን ነው?