ከአጥሩ ሁለት ሜትር

ነይ እስቲ፣ ወደዚህ ጠጋ በይ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የእኔ ድምፅ አይሰማሽም። ሕፃኗን ለእህትሽ ትተሽ ለሥራ ሐዋሳ ልትሄጂ ነው። «አባባ እሺ አለ፣ ባሌ እሺ አለ፣ መሥሪያ ቤቱም እሺ አለ፤ ታዲያ ልቤ ለምን አላርፍ አለኝ?» አልሽኝ። ፊደል ባልቆጥርም ይቺን አውቃታለሁ። ስሚኝ።

አንድ ሰው ነበረ። እናቱ ከገጠር ታመው መጡበት፤ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም። ቤቱ ባለ አንድ ክፍል ናት። በመጋረጃ ከፍሎ አስተኛቸው። እሳቸውም ልብስ በቀየሩ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ምን ያድርጉ፣ ልጃቸው ቢሆንም ያፍራሉ። ስለዚህ ዝናቡ ሳይጠና አንዲት ክፍል ልጨምርላቸው አለ። ባዶ ቦታ ያለው ግን በጎረቤቱ አጥር በኩል ብቻ ነው።

ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ሹሙ «ሕጉ ከአጥር ሁለት ሜትር ራቅ ይላል» አለው። ሁለት ሜትር ከራቀ የሚተርፈው አልጋ አያዘረጋም። «ግማሽ ሜትር ይበቃዋል በሉልኝ፣ ለእናቴ ነው» ብሎ ለመነ። «በልዩ ሁኔታ ይታይልሃል። የጎረቤት ስምምነት አምጣ» አለው ሹሙ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው። ጠዋት የእድሩ ዳኛ ደጃፍ ነው፣ ከሰዓት ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ነው። ይቀመጣል፣ ይነሳል። ገመድ ዘርግቶ ይለካል፣ ጠቅልሎ መልሶ ይዘረጋል፤ መሬት አይለጠጥ ነገር። ምሳውን ሁለት ጎርሶ ይወጣል። ሰማዩን ያያል፣ ደመናው ከትናንት ዛሬ ከብዷል።

«ስንሻው፣» ይሉታል እናቱ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «እኔ ሳልሞት እግርህ ሊያልቅ ነው።»

ሃያ ሦስት ሰው አስፈረመ። ባለ ወፍጮውን፣ ዳቦ ሻጯን፣ ከወንዝ ማዶ ያለውን አናጢ እንኳ አልተወም። ወረቀቱን ሹሙ ፊት ዘረጋው። ሹሙ መነጽሩን አወለቀ።

«ግድግዳህ የሚጠጋው የስንት ሰው አጥር ነው?»

«የአንዲት ሴት።»

«የቷ ናት እዚህ ላይ?»

ሰውየው ስሟን እንደሚፈልግ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። የለችም።

ለምን አልጠየቃትም? ልንገርሽ። ከሁለት ዓመት በፊት የጎረቤቱ የአስካለ ባል ሲሞት ይህ ሰው ቤቱን ዘግቶ ሩቅ አገር ሄዶ ነበር። በሳምንቱ ተመለሰ። ዛሬ እደርሳለሁ፣ ነገ እደርሳለሁ ሲል አርባው አለፈ። ካለፈ በኋላ ምን ብሎ ይግባ? አጥር ለአጥር እየኖረ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው። ባያት ቁጥር መንገድ ይቀይራል።

የዚያን ቀን ግን የሚቀይረው መንገድ አልነበረውም። ሄዶ ደጇ ላይ ቆመ። አስካለ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«ሃያ ሦስት ሰው ፈርሞልህ ሃያ ሦስቱም መጥተው ነግረውኛል» አለች ቀና ሳትል። «አንተ ነበርክ የቀረኸው። ግባ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው።»

ይዛው ወደ አጥሩ ሄደች። «ይቺን ክፍተት ታያታለህ? የቀብሩ ዕለት የፊት ለፊቱን መንገድ ጎርፍ ይዞት ነበር። አጥሩን ነቅለው አስከሬኑን በዚህ፣ በአንተ ግቢ አወጡት። ተሸካሚዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው። አንተ ስላልነበርክ ስፋቷን አታውቅም።»

ሰውየው ስለ ግድግዳው ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት፣ አንገቱን ደፍቶ።

«እትዬ፣ እግዜር ያጽናሽ» አለ።

እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት የቆየ ለቅሶ እንደ ትናንት ተቀመጡት። ዝናቡ አካፍቶ ሲያባራ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «በል ገመድህን አምጣ» አለች። ጫፉንም ራሷ ያዘችው። «አንድ ሜትር ተውልኝ፤ ቃሬዛና ሰው ያሳልፋል። እኔም የምወጣው በዚህ ነው። የጣራህን ውሃ ደግሞ ወደ ራስህ ግቢ መልሰው።»

አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ሹሙም ሃያ ሦስቱን ትቶ በዚያች በአንዲት ጣት ፈቀደ።

አየሽ ልጄ፣ አንቺም ሃያ ሦስቱን አስፈርመሻል። አባትሽ ሕፃን አያባብል፣ መሥሪያ ቤቱ ጡጦ አያሞቅ። ሸክሙ የሚያርፈው እህትሽ ላይ ነው። እሷን ደግሞ ሰርጓ ላይ ስላልተገኘሽ ዓይኗን ማየት ከብዶሻል። እሺታውን የለቀምሽው ምንም ከማይከብዳቸው ሰዎች ነው፤ ልብሽ በምን ይረፍ? ሂጂና መጀመሪያ ስለ ሰርጉ ተቀመጪላት። ስለ ልጅሽ ከዚያ ታወሪያለሽ። እምቢ ልትል ትችላለች። እሱም መልስ ነው፣ ይዘሽው ትመለሻለሽ።

ሰውየውማ ክፍሏን ሠራ። እናቱ ሦስት ዓመት ኖሩባት፤ በጥር አረፉ። እሱ አገባ፣ አሁን ልጆቹ ይተኙባታል። ሹሙ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። አስካለ አለች፤ ጆሮዋ ከብዷል፣ ስንሻው ጠዋት ጠዋት እየገባ እየጮኸ ያጫውታታል።