የደጃዝማቹ ደረጃ

«እማዬ፣ ለማታውቂያቸው ሰዎች ለምን ትጸልያለሽ?» አለቻት ልጇ አንድ ቀን።

«ያረፍንበትን ያሠሩልን እነሱ አይደሉ?» አለች እናት፣ ልጇን የምታሳድግበትን ስፌት ለሽያጭ ጎንደር ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ዘርግታ። የቤተ ክርስቲያኑን በር የደጃዝማች ወልደ ሐና አያት፣ ደረጃውን አባታቸው፣ ጉልላቱን አክስታቸው ነበር ያሠሩት።

ደጃዝማቹ በበቅሎ ሲያልፉ አዩዋትና፣ «የአባቴ ደረጃ ገበያ ነው እንዴ? ተነሺ፤ ሁለተኛ እንዳላይሽ!» ብለው ተቆጧት።

እጅ ነስታ ስፌቷን ትሰበስብ ጀመር። «እሺ ጌታዬ። ብቻ በየቀኑ እዚህ ተቀምጬ ለአያትዎ፣ ለአባትዎ፣ ለአክስትዎ ነፍስ ይማር የምለው እኔ ነኝ። ማን እንደሚረከበኝ ይንገሩኝና ላስረክብ።»

ደጃዝማቹ ወደ አሽከሮቻቸው ዞሩ፤ አሽከሮቹ መሬት መሬት አዩ።

«በይ ተቀመጪ» አሉ፣ ሳቃቸው አምልጧቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጎረቤቶቿን ከነስፌታቸው አስከትላ መጣች። አሽከሮቹ «ምነው?» ሲሏት፣ «የደጃዝማቹ ዘመድ ብዙ ነው፤ ጸሎቱ ለአንድ ሰው ይከብዳል» አለች።