ቋጥኝ የዘጋባት ውሃ

«አንድ ድንጋይ ፈላጭ ነበረ» አሏት መምህሩ። ውዲቱ የጠየቀቻቸው ስለ ባሏ ነበር። ከጦርነት ከተመለሰ ወዲህ አፉን ዘግቷል፤ «ያየኸውን ንገረኝ» እያለች ብትወተውተውም እየባሰበት ሄደ። «ላስጨንቀው ወይስ ልተወው? እዚያው ቤት ውስጥ ሆኖ ባሌን እያጣሁት ነው» አለቻቸው። መምህሩ ቀጠሉ።

«ሰውየው የሚኖረው ከአንድ ዥንጉርጉር ተራራ ሥር ነው። የዚያ ተራራ አለት በመዶሻ ብቻ እሺ አይልም። እንጨት ተከምሮበት ይነድዳል፤ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱበት ይሰነጠቃል። ከአባቱ የወረሰው ጥበብ ይኸው ነው፤ እሳት የማያናግረው ነገር ያለ አይመስለውም።

«አንድ ቀን ከስንጥቁ ውስጥ እንደ መስተዋት የጠራ ድንጋይ አገኘ። ወደ ፀሐይ ቢያዞረው በሆዱ ጠብታ ውሃ አለች፤ በውሃዋ ውስጥ ደግሞ ትንሽ አረፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ፈዞ ቀረ። ተራራው ገና ከምድር በታች ቀልጦ ሳለ ይህች ውሃ እዚያ ነበረች፤ ድንጋዩ ሲረጋ ዘጋባት። ያን ጊዜ ግላ ቤቷን ሞልታው ነበር። ሲበርዳት ኮሰመነች፤ አረፋዋ የጎደለው ቦታዋ ናት። ሰው ያላየውን ዘመን ያየች እሷ ናት።

«ድንጋዩን በመዳፉ ይዞ ተቀመጠ። መዳፉ ሲሞቅ አረፋዋ እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች፤ ውሃዋም ቤቷን ልትሞላ ተቃረበች። ዓይኑን ሳይከድን ሕልም አየ። ተራራው ሰማይ በሌለበት ጨለማ እንደ ገንፎ ሲንተከተክ፣ ቀስ እያለም ሲረጋ ታየው። ደስ አለው። ምን ያደርጋል፣ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም! ‹በመዳፌ ይህን ካሳየችኝ በእሳትማ ሁሉንም ትነግረኛለች› አለና ድንጋዩን ፍም ውስጥ ጨመረው።

«ጧ! አለ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እሱ የሚለቅመው እንኳ አላገኘም። ውሃዋ ተነነች፤ የቀረው ደረቅ ስባሪ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀችውም አብሯት ጠፋ። ሰውየው እንደ ልጅ አለቀሰ።»

መምህሩ ወደ ውዲቱ ዞሩ። «ልጄ፣ ባልሽም እንዲሁ ነው። በጦርነቱ እሳት ውስጥ ሳለ ነው ልቡ የተዘጋበት፤ ዝምታው የጎደለው ቦታ ነው። አንቺ ደግሞ ‹ንገረኝ፣ ንገረኝ› እያልሽ ሌላ እሳት ታነድጂበታለሽ። አትተዪው፤ ግን አታንድጂበት። ዛሬ ስትገቢ ምንም ሳትጠይቂው አጠገቡ ተቀመጪ። ባይነግርሽም ባልሽ ነው።»