ሦስት መንደር በልቶ የካደ ቀበሮ

የበላችሁ ወደ እኔ ጠጋ በሉ፤ ያልበላችሁ መጀመሪያ ወደ ጓዳ! ይህ በባዶ ሆድ የሚሰማ ተረት አይደለም።

ድሮ ነው፣ የእኔም አያት ሳይወለዱ። ከባሕር ማዶ፣ ጣልያን በሚሉት አገር፣ አንድ ገደላም ተራራ ነበር አሉ። ስሙን አትጠይቁኝ፤ ምላሴ አይታጠፍለትም። ተራራው ላይ ሦስት መንደሮች ነበሩ። ከታች የፍየሎች፣ ከመሀል የጃርቶች፣ ከላይ የድቦች። ቤቱ ሁሉ የድንጋይ ነው፤ አንዱ የሌላውን ትከሻ ተደግፎ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ። መንገዱ ሁሉ ደረጃ፣ መንደሩ ሁሉ በግንብ የታጠረ።

ቮልፒኖ የሚባል ቀበሮ አንድ ቀን "እስቲ አገር ልይ" ብሎ ተነሳና ከታችኛው መንደር ደረሰ። እመት ኔሪና የምትባል አሮጊት ፍየል ተቀበለችው። እግሩን አጠበችው። ለዓመት በዓል ብላ ያስቀመጠቻትን አንዲት ድቡልቡል ፎርማጆ አወጣችና ቆረሰችለት።

"ብላ ልጄ።"

"እግዜር ይስጥልኝ እመት፣ በቃኝ።"

"በሞቴ!"

"ኧረ ጠገብኩ!"

"ይቺን ብቻ፣ አፈር ስሆን!"

እንዲህ እያለች ፎርማጆዋን አስጨረሰችው። ለበዓሉ የተረፈ ነገር አልነበረም።

በነጋታው ወደ ጃርቶቹ መንደር ወጣ። እዚያ ተራራ ላይ አንድ ወግ አለ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ "ከኋላህ ምን ቀመስክ?" ይባላል። ክፋት የለበትም፤ ትናንት የበላውን ዛሬም ደግመው እንዳያቀርቡለት ነው። ቀበሮ ግን ይህን የት ያውቃል? "በላሁ ካልኩ ይቀንሱብኛል" ብሎ ፈራ። የሆዳም ነገር!

"ከታች ውሃ እንኳ አላቀመሱኝም" አለ።

የጃርቶቹ አለቃ ስፒኖ እሾሁ ቆመ። "ወይ ውርደታችን! የጎረቤት ነውር የኛም ነውር ነው። ሁለት ድርሻ አምጡ! አንዱ የኛ፣ አንዱ የነውር መሸፈኛ!"

ካስታኛ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ ፈጭተው የጋገሩት ዳቦና ትኩስ የምስር ሾርባ ሁለት ሁለት ሆኖ ቀረበ። ቀበሮ በላ። ምግቡ ጣፈጠው፤ ውሸቱ ደግሞ ይበልጥ ጣፈጠው።

በሦስተኛው ቀን ሆዱን እየጎተተ፣ በየደረጃው እያለከለከ ወደ ላይ ወጣ። ትልቁ ድብ አባ ኦርሶ በሩ ላይ ቆሟል።

"ከኋላህ ምን ቀመስክ?"

"ከታች ውሃ እንኳ አላቀመሱኝም። ከመሀልም ውሃ እንኳ አላቀመሱኝም።"

አባ ኦርሶ ራሱን ያዘ። "ወይ ውርደታችን! ሦስት ድርሻ አምጡ! አንዱ የኛ፣ ሁለቱ የነውር መሸፈኛ!"

የእንጉዳይ ጥብስ መጣ፣ ማር የፈሰሰበት ቂጣ መጣ። ቀበሮ ጢሙን እየላሰ በላ።

አትሳቁ ልጆች። እኔም በጎረምሳነቴ ቤቷ ጠግቤ በልቼ፣ ውጪ ወጥቼ "ምን አላት ብላችሁ!" ብዬ ያማኋት አንዲት ሴት አለች። ስሟን አልነግራችሁም። ዛሬም ሳስባት ጆሮዬ ይግላል። በሉ፣ ወደ ቀበሯችን።

ቀበሮው የማያውቀው ሌላም ወግ ነበር። እንግዳ ጦሙን ያሳደረ መንደር ተጠርቶ በሕዝብ ፊት የእንግዳውን እግር አጥቦ ይቅርታ ይለምናል። እምቢ ካለ ሌሎቹ መንደሮች እሳት አያስጭሩትም፣ ልጃቸውንም አይድሩለትም። "እንግዳው ዋሸ" ማለት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነውር ነው። አባ ኦርሶ ቁራ ልኮ ሁለቱን መንደሮች አስጠራ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቀበሮው አደባባዩ ላይ ተቀምጦ ማር ሲልስ፣ ፍየሎችና ጃርቶች አንገታቸውን ደፍተው ደረጃውን ሲወጡ አየ። ስፒኖ ጥርሱን ነክሷል። ከፊት እመት ኔሪና ናት፣ በየደረጃው እያረፈች።

"እመት ኔሪና፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አለ አባ ኦርሶ።

"ያለኝን አቅርቤለት ነበር አባ" አለች። "ግን እንግዳ ካልጠገበ፣ አልበላም ማለት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ መንደሬን አትንኩብኝ።"

ውሃ አስመጣችና ተንበርክካ የቀበሮውን እግር ያዘች። ቀና ብላም አየችው። "ምነው ልጄ፣ ያኔ 'ጨምሪልኝ' ብትለኝ? ከጎረቤት ለምኜም ቢሆን አጠግብህ ነበር።"

የምሯን ነው። ርቦት የሄደ መስሏታል።

ያን ጊዜ ቀበሮው አፈረ። እንዲህ ያለ ማፈር ጠላቴንም አይንካው። እግሩን ከእጇ ነጠቀ።

"ይተዉ እመት! ይተዉኝ! በልቻለሁ። ከእርስዎ ቤት ጠግቤ ነው የወጣሁት፤ ከጃርቶቹም ጠግቤ ነው የወጣሁት። የተራበው ዓይኔ እንጂ ሆዴ አልነበረም!"

አባ ኦርሶ መዳፉን አነሳ። ስፒኖ እሾሁን አቆመ።

"ተዉት" አለች እመት ኔሪና። "እንግዳ ነው።"

ቢመቱት ይሻለው ነበር። ምሳ ቀረበ፤ አስቀመጡት፣ ማንም ክፉ አልተናገረውም። አሮጊቷ በእጇ አጎረሰችው። ሁለተኛውን ጉርሻ አልጠበቀም። ተነሳና፣ በመንደሩ በር መውጣት አቅቶት፣ በግንቡ ሥር ባለች ቀዳዳ ሾልኮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ቀበሮ በደጅ አይመጣም። በጓሮ ነው የሚዞረው፤ ዓይኑን መሬት ጥሎ፣ ጭራውን ጎትቶ። ሰዉ "ሌባ ስለሆነ ነው" ይለዋል። እኔ ግን አፍሮ ነው እላለሁ።

አፍ በልቶ ቢክድ፣ ዓይን ያፍራል።